ላባዋን የጣለች ዶሮ



ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሚኤሶ ከመደረሱ በፊት ቦርደዴ የምትባል የቆላ ከተማ ትገኛለች። እኛ ተወልደን ያደግነውም፣ ዛሬ ከእናታችን ጋር የምንኖረውም በዚችው ከተማ ነው። በአካባቢያችን ላም ወይም ፍየል የሌለው ቤት ሊኖር ይችላል፤ ዶሮ የሌለበት ግቢ ማግኘት ግን ያስቸግራል። የኛም ግቢ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዛሬ ከእናንተ ጋር ልንጨዋወት የወደድነው በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በግቢያችን ስለምናየው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ዶሮዎች አሮጌውን ላባ ጥለው አዲስ የሚያበቅሉበት ጊዜ ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዱ ሰው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ሆኖም የቤቷን የጨውና የዘይት፣ የልጆቿን የደብተርና የእስክሪብቶ ወጪ ከእንቁላል ለምትሸፍን እናት ተራ ነገር አይደለም። በዚህ ወቅት የምትወስነው ውሳኔ ቀጣዮቹን ስድስት ወራት የሚነካ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደህና ስትጥል የከረመች ዶሮ አንድ ቀን እንቁላል መጣሏን ትታ ላባ መጣል ትጀምራለች። መጀመሪያ ራሷና አንገቷ ይሳሳል፤ ቀጥሎ ደረቷና ጀርባዋ፣ በመጨረሻም ክንፏና ጅራቷ ይራገፋል። በራሷ ላይ ያለው ቀዩ ኩክኒ ይገረጣል፣ ይሟሽሻልም። ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ትይዛለች። ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች። ሁኔታዋን ያላወቀ ሰው ሲያያት «ይህቺ ታማለች» ወይም «ይህቺ አርጅታለች» ይላል። ዶሮዋ ግን ብዙውን ጊዜ አልታመመችም፤ አላረጀችምም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር በሚወስድ ከባድ ሥራ ላይ ናት። አንዳንዷ ከዚህም በላይ ትቆያለች።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት እስኪ በቁጥር እንመልከተው። የዶሮ ላባ ከመቶ 85 እጅ በላይ ፕሮቲን ነው። አንዲት 1 ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ 75 ግራም ያህል ላባ ተሸክማለች ብንል፣ ከዚህ ውስጥ 64 ግራሙ ገደማ ፕሮቲን ነው ማለት ነው። በአንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ 5 ግራም ያህል ነው። 64ን ለ5 ስናካፍለው 12 ወይም 13 እንቁላል ይመጣል። የሐበሻ ዶሮ ለመታቀፍ ከመቀመጧ በፊት በአንድ ዙር የምትጥለው እንቁላልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ዶሮዋ ሥራ ፈታለች አይባልም። ለኛ ትሰጠው የነበረውን ለራሷ ልብስ አድርጋዋለች። የሰጠችንን ሁሉ አስበን ይህችን አንድ ዙር ብንተውላት በዛባት ወይ?

«ይህ ለምን በዚህ ወቅት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ፈረንጆች ስለ ዶሮ በጻፏቸው መጻሕፍት ላይ ላባ መጣል የሚመጣው ቀኑ ሲያጥር ነው ይባላል። ለእነሱ አገር ይህ ትክክል ነው። ለምሳሌ ለንደን ላይ በሰኔ ወደ 16 ሰዓት ተኩል የሚረዝመው ቀን በታኅሣሥ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ይሆናል። ዶሮዋ ይህንን የብርሃን ማነስ አይታ መጣሏን ታቆማለች፤ ላባዋንም ትቀይራለች። እነሱም እንቁላሉ እንዳይቋረጥ ቤቷ ውስጥ መብራት ያበሩላታል። በኛ አገር ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ቦርደዴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመሆኑም የኛን ዶሮ የሚገፋት ከብርሃኑ ይልቅ ዕድሜዋ፣ እንቁላል ታቅፋ መነሳቷ፣ የምግብና የውሃ እጥረት፣ እንዲሁም የሙቀት ጫና ነው። ከዚህም የተነሳ አንዷ በሰኔ፣ ሌላዋ በመስከረም ላባዋን ስትጥል ልናይ እንችላለን። በኛ ግቢ አብዛኞቹ በኅዳር የሚጀምሩት በመስከረምና በጥቅምት ታቅፈውና ጫጩት አሳድገው፣ ሰውነታቸው ከስቶ ስለሚወጡ ነው።

እዚህ ላይ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የፈረንጆች ክረምት በረዶ ነው፤ የኛ ክረምት ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ብርዱ ወደኛ የሚመጣው በበጋው ወራት ነው። ቆላ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀኑ እያቃጠለ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ንፋሱም ይበረታል። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህንን ሙቀት የሚጠብቅላት ላባዋ ነው። ላባዋን በጣለችበት ሰሞን ሌሊቱን ለማሞቅ ብቻ ብዙ ምግብ ታቃጥላለች። እንደ ጭሮ ባሉ ከፍታ ቦታዎች ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ችግሩ ከኛ የባሰ ነው።

ታዲያ ላባ የጣለችውንና የታመመችውን እንዴት እንለያለን? ላባ የምትጥል ዶሮ ዐይኗ ንቁ ነው፤ ጥሬ ሲበተን ትመጣለች፤ ኩስዋም እንደ ወትሮው ነው። ከተራገፈው ላባ ሥር ደግሞ እንደ ጃርት እሾህ ያለ አዲስ ላባ ብቅ ብቅ ሲል ይታያል። በአንጻሩ ፈንግል የያዛት ዶሮ መብላት ትተዋለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀጭን ኩስ ታወጣለች፤ ክንፏ ይወድቃል፤ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል። ከሁሉም በላይ ላባ መጣል ከአንዷ ወደ ሌላዋ አይተላለፍም፤ ፈንግል ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ይመረታል። ከክትባቶቹ መካከል በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ለገጠር ዶሮዎች ታስቦ የተዘጋጀውና ሙቀት የሚችለው «አይ-ቱ» የተባለው ዓይነት ይገኝበታል። ይህ ዓይነቱ በአንድ ዐይን አንድ ጠብታ ይሰጣል፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። እኛ ዶሮዎቹ ላባ መጣል ከመጀመራቸው በፊት፣ ሰውነታቸው ጠንካራ ሳለ እንዲከተቡ እናደርጋለን።

አሁን በ2017 ዓ.ም. በቤታችን የሆነውን እናውጋችሁ። በዚያ ዓመት ስምንት ሴት ዶሮዎችና ጥቂት ጎረምሳ አውራዎች ነበሩን። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከስምንቱ አራቱ ላባቸውን ጣሉ። የእንቁላሉ ገንዘብ የእናታችን ነው፤ ከዚያም ላይ የትንሿ እህታችን የትምህርት ቤት ወጪ ይወጣ ነበር። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እየቀረበ ነበር፤ የእህታችን ጫማም ቀዳዳው በዝቶ ነበር። ወሩም የገና ገበያ የሚደራበት ስለነበር ዶሮ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች በአውራ ጎዳናው ላይ ይመላለሱ ነበር።

አንዱ ነጋዴ ወደ ግቢያችን ገብቶ አራቱን አየና «እማማ፣ እነዚህ አልቀዋል። ሞተው ከሚቀሩብዎት በግማሽ ዋጋ ልውሰድልዎት» አላት።

እናታችንም ፈገግ ብላ «አላለቁም ልጄ፣ ልብሳቸውን እየቀየሩ ነው። ባያልቁማ ኖሮ በግማሽ ዋጋ አትጠይቀኝም ልትለኝ ነው?» አለችው። እሱም ሳቀ።

ከሄደ በኋላ ግን በቤታችን ክርክር ተነሳ። ከመካከላችን «ጫማው ዛሬ ነው የሚያስፈልገው፤ እንቁላሉ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም» ያለ ነበረ። ይህ አባባል ስህተት አልነበረም። የቸገረው ሰው ሁለት ወር ተኩል መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቀዋል። እናታችን ሁላችንንም ካዳመጠች በኋላ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ! የሚጥሉትን ሸጠን የማይጥሉትን ልንቀልብ ነው?» አለች። በማግስቱ ሁለቱ ጎረምሳ አውራዎች በሙሉ ዋጋ ተሸጡ። ጫማው ተገዛ። አራቱ ዶሮዎችም በግቢው ቀሩ።

ከዚያም እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እንደሚገባቸው ተያዙ። በየካቲት መግቢያ አንዷ መጣል ጀመረች፤ ወሩ ሳይጋመስ ሁለቱ ተከተሏት። ኩክኒያቸው ቀላ፤ አዲሱ ላባቸውም በፀሐይ ላይ ሲያዩት ያብረቀርቅ ነበር። አራተኛዋ አምስት ዓመት ያለፋት አሮጊት ስለነበረች ላባዋን ብታበቅልም ወደ እንቁላል አልተመለሰችም። የካቲት ሊያልቅ ሲል ረመዷን ገባ፤ እሷም በቢስሚላህ ታርዳ ለእንግዳ ማፍጠሪያ ሆነች። ሦስቱ ግን እስከ ግንቦት ድረስ ሁለት ሁለት ዙር ጣሉ። አንደኛዋ ካቀፈችውም 9 ጫጩት አደገ። ነጋዴው በኅዳር ሊሰጠን የነበረው ዋጋ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ አልሐምዱ ሊላህ።

እንደሚገባቸው ተያዙ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ደግሞ በዝርዝር እንመልከት፦

1ኛ/ ምግብ፦ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንዲሉ፣ የአካባቢያችን ዶሮ ዋና ምግብ ማሽላ ነው። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 10 እጅ ገደማ ብቻ በመሆኑ ላባ ለማብቀል ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የሰሊጥ ወይም የኑግ ፋጉሎ ሲገኝ አንድ እፍኝ እንቀላቅልበታለን። በተለይ ሰሊጥ ለላባ የሚያስፈልገው የፕሮቲን ዓይነት ይበዛበታል። ቦሎቄም ጥሩ ነው፤ ጥሬው ግን ስለሚጎዳቸው በሚገባ መቀቀል አለበት። ገንዘብ የማይጠይቀው ደግሞ ምስጥ ነው። በተሰበረ እንስራ ወይም ቅል ውስጥ የረጠበ ገለባና እበት ጨምረን ምስጥ ባለበት መሬት ላይ ደፍተን እናሳድረዋለን። ሲነጋ በምስጥ ተሞልቶ ይገኛል። በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ከጉድጓድ የወጣና የሻገተ ማሽላ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለዶሮ ሲበተን እናያለን። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ጉበቷን ይጎዳል። ለሰው የማይሆን ለእሷም አይሆንም።

2ኛ/ ውሃ፦ በኛ ከተማ ውሃ በቀላሉ አይገኝም። ቢሆንም ዶሮ ከምትበላው የበለጠ እንደምትጠጣ መዘንጋት የለበትም። በጥላ ሥር የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚቀየር፣ ሊጓደልባት አይገባም።

3ኛ/ ማደሪያ፦ የክንፏ ላባ የረገፈ ዶሮ ወደ ከፍተኛ ቆጥ መብረር አትችልም። ልሞክር ብትል ትወድቃለች፤ መሬት ላይ ካደረች ደግሞ ለሸለምጥማጥ ትጋለጣለች። ስለዚህ ለእነዚህ ወራት ዝቅ ያለ ቆጥ እንሠራላታለን። ንፋስ የሚገባበትን ወገን በጆንያ እንከልላለን፤ የላይኛው ቀዳዳ ግን አየር እንዲያስወጣ ይተዋል። እንዲሞቃት ብሎ የከሰል ፍም ማስገባት አደገኛ ነው፤ ጭሱና ሽታ የሌለው ጋዙ በአንድ ሌሊት ሊጨርሳቸው ይችላል።

4ኛ/ አለመንካት፦ አዲስ የሚወጣው ላባ ውስጡ ደም የተሞላ ነው። ሲጨበጥ ያማታል፤ ሲሰበርም ይደማል። ልጆች እያሯሯጡ እንዳይይዟት መንገር ያስፈልጋል። መያዝ ግድ ከሆነ ማታ፣ ቆጥ ላይ እንዳለች፣ በቀስታ ይሁን።

5ኛ/ መለየት፦ ሌሎቹ ዶሮዎች ደም ካዩ ይጎነትሏታል። የተጎዳችውን ለጥቂት ቀናት በቅርጫት ሥር ወይም በታጠረ ጥግ ማቆየት ይበጃል። ዶሮዎች አንዳቸው የሌላውን ላባ ነቅለው መብላት ከጀመሩ ብዙውን ጊዜ የፕሮቲን እጥረት ምልክት ነው።

6ኛ/ አመድ፦ ገላዋ በተራቆተ ጊዜ ቅማልና ቁንጫ በግልጽ ይታያል። በደረቅ ጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን አመድና ደቃቅ አፈር እንጨምርበታለን፤ እሷው ራሷ ትታጠብበታለች። ለተክል የሚረጭ መድኃኒት በዶሮ ገላ ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም። በደጋው በኩል ያላችሁም መድኃኒት በተረጨበት የጫት ማሳ ሥር ዶሮዎች ትል ሲለቅሙ እንዳይውሉ ተጠንቀቁ።

7ኛ/ ንጽሕና፦ የተራበች ዶሮ ፕሮቲን ፍለጋ ቆሻሻ ላይ ትውላለች። ዑለሞቻችን ቆሻሻ መመገብ ያዘወተረችን እንስሳ «ጀላላ» ይሏታል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሦስት ቀን ይዘው ንጹሕ ነገር ይመግቧት እንደነበር ተዘግቧል። በግቢዋ የጠገበች ዶሮ ግን ቆሻሻ ፍለጋ ርቃ አትሄድም።

ውድ አንባቢያን! ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዶሮ ነው ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። በዓለም ላይ ከዚህ ተቃራኒ የሆነ አሠራርም አለ። በአንዳንድ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎችን የያዙ ድርጅቶች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ላባቸውን ጥለው እንደገና መጣል እንዲጀምሩ ለበርካታ ቀናት ምግብ ይከለክሏቸው ነበር። የአሜሪካ እንቁላል አምራቾች ማኅበር በመመሪያው ይህንን ምግብ የመንፈግ አሠራር ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲቀር አድርጓል። ወደ ኋላ መለስ ብለን ስናይ ግን ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመትን አስራ ሳትመግባት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻትና በዚሁ ሳቢያ ስለተቀጣችው ሴት ነግረውናል። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ ነው። የዘጋንባት ዶሮ ምግቧ በኛ ላይ ነው፤ የማንመግባት ከሆነ ደግሞ ለቅማ እንድትበላ መልቀቅ አለብን። እንቁላል በማትሰጥበት ወቅትም ቢሆን ይህ ሐቋ አይቋረጥም።

በእርግጥ በሰው ላይ ሲጸና ለዶሮ ማሰብ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ቀርቶ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ በመታው ድርቅ፣ ዶሮዎቻችን ያለ ጊዜያቸው ላባቸውን ጣሉ። በማሳው ላይ ትልም ጥሬም ስላልነበረ ሰውነታቸው አልቻለም። ያን ጊዜ ሁሉንም ይዞ መቆየት አልተቻለም፤ ከፊሉ ተሸጠ፣ ከፊሉም ታረደ። ሁለት ወጣት ዶሮዎችን ግን ከማዕድ በሚተርፍ ፍርፋሪና በእፍኝ ማሽላ አቆየናቸው። ዝናቡ ሲመለስ ግቢያችን እንደገና በጫጩት የተሞላው በእነሱ ነው። ስለዚህ ሁሉን ማቆየት የማይችል ሰው ወጣቶቹን ይምረጥ። ከአራት ዓመት በላይ የሆናትን ቢሸጥ ወይም ቢያርድ ነውር የለበትም። ገና የመጀመሪያ ላባዋን የምትጥለውን፣ ማለትም ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆናትን መሸጥ ግን ገና ያልተጀመረ ጎተራን እንደማፍረስ ይቆጠራል።

በየቤታችሁ ይህ ሁኔታ ሲያጋጥማችሁ ነጋዴ ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ትበላለች ወይ? ዐይኗ ንቁ ነው ወይ? ከሥር አዲስ ላባ እየወጣ ነው ወይ? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ አንድ እፍኝ ጨምሩላትና ሁለት ወር ተኩል ጠብቁ። ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ይጠብቁ፤ የአዲሱን ላባ ርዝመት በየሳምንቱ ይመልከቱ። ከምታገኙት እንቁላል ሌላ፣ ልጆቹ ያለ ብዙ ንግግር ሰብርንና እዝነትን የሚማሩበት አጋጣሚ ይሆንላችኋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን ላይ በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።